ፊቱ ስለ ታደሰ አሮጌ ሰዓት

አሮጌ ሰዓት ለገበያ ቀርቦ፥ ፊቱ እንደ አዲስ ነጥቶ፥ ቍጥሮቹም ትናንት እንደ ተጻፉ ጠቍረው ቢታዩ፥ ገዢው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስባል፤ በማማሩ ደስ ይለዋል፥ ባለማርጀቱም ይጠራጠራል። እንዲህ ያለውን ሰዓት መግዛት ይገባልን ወይስ አይገባም? ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን፥ «የታደሰ ነገር እውነተኛ ነውን?» የሚለውን ታላቅ ጥያቄ ተሸክሟል።

አስቀድመን ሥራውን እንመልከት። የቀድሞው የሰዓት ፊት ብዙ ጊዜ ከናስ ተቈርጦ በብር ወይም በቀለም ይቀባ ነበር፤ በላዩም ቍጥሩና የፋብሪካው ስም ይታተምበታል። እርጥበትና ፀሐይ ሲያገኘው ይበልዛል። አዳሹም የፊተኛውን ቀለም ፍቆ፥ ናሱን ወልውሎ እንደ ገና ይቀባዋል፤ ጽሕፈቱንም ዳግመኛ ያትምበታል። ለሚመረምር ሰው ግን ሥራው ራሱን ይገልጣል፤ ፊደሉ ይወፍራል፥ ጭረቱ ከቍጥሩ ጋር አይገጥምም። በጨለማ የሚያበራ ፊት ከሆነም ሌላ ምስክር አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ሰዓቶች ቀለም ውስጥ ራዲየም የሚባል ማዕድን ይገባ ነበር፤ ከእርሱም ጋር የሚቀላቀለው አብሪ ዱቄት በዘመን ብዛት ይደክማል። ስለዚህ በ1940ዎቹ የተሠራ ነው የተባለ ሰዓት ዛሬ ሌሊት ደምቆ ቢያበራ፥ ቀለሙ የኋላ ዘመን ነው። ራዲየሙ ግን እኩሌታው እስኪያልቅ 1600 ዓመት ያህል ይፈጃልና፥ ብርሃኑ ቢጠፋም ጕዳቱ አልጠፋም፤ ያለ ዕውቀት የሚፍቀው ሰው ትቢያውን ወደ ሳንባው ያስገባል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሰዓት የሚገዛው ጊዜን ለማወቅ ነው፤ ውስጡ ደኅና ከሄደ ስለ ፊቱ ምን አገባን?» ይላሉ። ይህ ቃል ለአዲስ ሰዓት ይሠራል፤ ለአሮጌው ግን አይሠራም። ጊዜን ብቻ የሚፈልግ ሰው በጥቂት ብር የባትሪ ሰዓት ይገዛል፤ እርሱም ከአሮጌው ይልቅ አጥርቶ ይቈጥራል። ስለ አሮጌነቱ ዋጋ የሚጨምር ሰው የሚገዛው ምስክርነትን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በጄኔቭ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ከሌላ ሰዓት አብልጦ ስለሚቈጥር አይደለም፤ የማን እንደ ነበረ ስለሚመሰክር ነው። እንግዲህ ምስክርነት ሊገዛ መጥቶ ምስክሩ የተፋቀበትን የወሰደ ሰው፥ ሰዓቱ ቢሄድለትም ተታልሏል።

በሌላ ወገን ደግሞ፥ «ዕድሳት ሁሉ ሐሰት ነው» የሚሉ አሉ። ይህም አይቀናም። የሰዓቱ ፊት 7 ሲያሳይ እኛ 1 ሰዓት እንላለን፤ ፊቱና ቃላችን በስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ ነገር ግን ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቁታልና የሚታለል የለም። ሐሰት የሚሆነው መልክ ከነገሩ ሲለይ ብቻ ሳይሆን፥ መለየቱ ካንዱ ወገን ሲሰወር ነው።

በዚህ በአገራችን በሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ለዚህ ነገር ያስተምረናል። መጽሐፉ በ1273 ዓመተ ምሕረት የተጻፈ ነው፤ ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ ዘመን የተነሡ ሰዎች የስጦታና የርስት ጽሑፍ ጨምረውበታል። ጭማሪው ግን በራሱ እጅና በራሱ ዘመን ይታወቃል እንጂ የፊተኛውን ጸሐፊ መስሎ አይናገርም፤ ስለዚህ መጽሐፉን አበለጸገው እንጂ አላዋረደውም። ብራና ፍቆ፥ የቀድሞውን ባለቤት ስም አጥፍቶ የራሱን ስም የሚጽፍ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱም ቀለም በጥብጠው ብርዕ አንሥተዋል፤ የሚለያቸው መግለጥና መሰወር ነው። በቅኔም ቤት ሰሙ ወርቁን የሚሸፍነው ፈቺው እንዲያገኘው ነው፤ አታላዩ በሰዓት ፊት የሚቀባው ቀለም ግን እንዳይፈታ የተደረገ ሰም ነው።

ሻጩ ምናልባት፥ «ያልተጠየቅሁትን ለምን እናገራለሁ?» ይል ይሆናል። አፉ ዝም ቢል ዋጋው ይናገራል፤ ያልተነካውን ሰዓት ዋጋ የጠየቀ ሰው ሰዓቱ ያልተነካ ነው ብሎ ተናግሯል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ነው። የአባቱን ሰዓት ሊያስርበት የሚወድ ሰው ፊቱን ቢያሳድስ አይነቀፍም፤ ሌላ ፊት ቢያስለውጥ ግን አሮጌውን አይጣል፥ ለልጁ አብሮ ያቈየው። ሻጩ መታደሱን ከነገረውና ዋጋውን ከቀነሰለት ገዢው ያለ ነቀፋ ይግዛ። ነገር ግን ከሰዓቱ ጋር የመናገር ዕዳም ወደ እርሱ እንደሚተላለፍ ይወቅ፤ ተነግሮት ገዝቶ ሳይናገር የሚሸጥ ሰው ከመጀመሪያው አታላይ አይሻልምና። ተታልሎ የገዛም ቢሆን፥ «እኔም የተሸጠልኝ እንዲሁ ነው» በማለት አይነጻም፤ ሐሰቱ በእጁ ቢያቆም ገንዘብ ይጎድልበታል፥ ቢያሳልፈው ግን የሌላውን ሰው ገንዘብ ወስዷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ፊቱ የታደሰውም ሰዓት አንድ ቀን አዋቂ እጅ ይገባልና፥ በዚያ ቀን የሻጩ ስም አብሮት ይመረመራል።