አይቶ እንዳላየ

ጃስሚን ከኒውዮርክ ሳንፍራንሲስኮ የምትገባው በአውሮፕላን፣ ያውም በአንደኛ ማዕረግ ተሳፍራ ነው። ያጣች የነጣች ሆና እኅቷ ዘንድ ልትጠጋ መምጣቷ ነው፤ ሻንጣዎቿ ግን ሉዊ ቪቶን ናቸው። እኅቷ ጂንጀር ግራ ገብቷት፣ ገንዘብ ከሌለሽ በአንደኛ ማዕረግ እንዴት መጣሽ ብላ ትጠይቃታለች። ጃስሚን፣ አላውቅም፣ እንዲሁ ተሳፈርኩ ከማለት በቀር መልስ የላትም። ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ያቺ «አላውቅም» ጆሮዬ ላይ ቀረች።

«ብሉ ጃስሚን»ን ዉዲ አለን ጽፎ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ኬት ብላንሼት ጃስሚንን ሆና በመሥራቷ በዓመቱ ኦስካር ተሸልማለች። ታሪኩ ሲያወሩት አጭር ነው። ሃል የሚባል የኒውዮርክ ባለሀብት የሰው ገንዘብ እያጭበረበረ ይከብራል። ሚስቱ ጃስሚን በፓርክ አቬኑ ቤቷ ግብዣ ስትደግስ፣ የበጎ አድራጎት ሥራ ላይ ስትታይ ትኖራለች። ሃል ይያዛል፤ እስር ቤት ውስጥ ራሱን ይሰቅላል፤ ሀብቱም ይጠፋል። የሱፐርማርኬት ሠራተኛ የሆነችው እኅቷ ጠባብ ቤቷን ትከፍትላታለች። ይህችው ጂንጀር ከቀድሞ ባሏ ከኦጊ ጋር በሎተሪ የደረሳቸውን 200,000 ዶላር ለሃል አስረክበው ካጡት ወገን ናት።

ፊልሙ ሲወጣ ብዙዎች ያስታወሱት በርናርድ ሜዶፍን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በማጭበርበር ተይዞ በዓመቱ 150 ዓመት የተፈረደበትን ሰው። ሚስቱ የማውቀው ነገር አልነበረም አለች፤ ክስም አልተመሠረተባትም። ሕዝቡ ግን ያችኑ ጥያቄ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? በሷ ላይ ልፈርድ አልችልም። ጥያቄው ግን የተበላሸ ይመስለኛል። ማወቅ እንደ አምፖል በርቶ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ሰው ዓይኑ እያየ ልቡን ሌላ ቦታ ሊያኖረው ይችላል።

ሀብትና ክብር ሲሄድ ምን ይቀራል የሚለው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ቦይቲየስ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ ከንጉሥ ቴዎዶሪክ ባለሟልነት ወደ እስር ቤት ወርዶ ሞቱን ሲጠብቅ አንድ የመጽናኛ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽናኛው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ዕድል የሰጠችህ ቀድሞም ያንተ አልነበረም፣ በእውነት ያንተ የሆነውን ደግሞ ማንም አይወስድብህም። ደስ የሚል አሳብ ነው። እኛም በመውደቅ ውስጥ አንዳች የሚያነጻ ነገር አለ ብለን ማመን እንወዳለን፤ ወርቁ ቢወሰድ ሰውየው ይቀራል እንላለን። ጃስሚን ላይ ግን መጽናኛው ይገለበጣል። ቤቷ፣ ጌጧ፣ ወዳጆቿ፣ ሁሉም ተወሰደ። የቀረላት አለማወቋ ብቻ ነው። ድዋይት የተባለ ሀብታም ዲፕሎማት ሲያጋጥማት፣ ባሌ ቀዶ ሐኪም ነበር፣ በልብ ሕመም ሞተ ትለዋለች። የቀለበቱ ነገር ሊያልቅ ጌጣጌጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ፣ ኦጊ መንገድ ላይ አግኝቷት እውነቱን ይዘረግፈዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የኦጊን ምሳር የሳለችው ግን ዛፏ ራሷ ናት።

አማርኛ ለዚህ ልማድ ክፉ ስም አላወጣለትም። አይቶ እንዳላየ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ የጨዋ ወግ ነው። የሰው ገበና አይገለጥም፤ እንግዳ የገባበትን ቤት ጉድለት አይቆጥርም። ይህ ወግ ባይኖር ጎረቤትና ጎረቤት አብሮ ባልከረመ ነበር። ያው «ጨዋ» የሚለው ቃል ግን በቤተ ክህነት ሰፈር ሌላ ፍቺ አለው፤ ያልተማረ፣ መጽሐፍ የማያውቅ ማለት ነው። የተከበረውና ያላወቀው በአንድ ቃል መጠራታቸው የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል። ለጃስሚን ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁላትም። በሁለቱም ፍቺ ጨዋ ናት።

የሌላውን ገበና በመሸፈንና የራስን ምቾት በመጠበቅ መካከል ልዩነት አለ ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር። መለኪያውም ቀላል መሰለኝ፤ አይቶ ያለፈው ሰው ከማለፉ ምን አገኘ? ጃስሚን ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ቤቷ እየሞላ ሄደ። ጂንጀር ግን መለኪያዬን አበላሸችብኝ። ኒውዮርክ ለጉብኝት በሄደች ጊዜ ሃል ሌላ ሴት ሲስም በዓይኗ አይታዋለች። ለእኅቷ አልነገረቻትም። ከፍቅር ነው? ነገር ከመፍራት ነው? ሁለቱም ይመስለኛል፤ ደግሞም ምንም አላገኘችበትም። የጃስሚን ወዳጆችም የሃልን ሴሰኝነት ያውቁ ነበር። እሷ ስለ ገንዘቡ ያደረገችውን እነሱ ስለ ትዳሯ አደረጉባት። ያቺ ቤት የቆመችው በሁሉም ጨዋነት ነበር።

ፊልሙ እስከ መጨረሻው አካባቢ የደበቀው አንድ ነገር አለ። ሃል ለአንዲት ለጋ ሞግዚት ብሎ ሊፈታት መሆኑን ሲነግራት፣ ጃስሚን ስልክ አንሥታ ኤፍ ቢ አይ ጋ ትደውላለች። ባሏን ያስያዘችው እሷው ናት። ትዕይንቱ ደቂቃዎች እንኳ አይፈጅም፤ ለእኔ ግን የፊልሙ ክብደት ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የማያውቁት አይጠቆምማ! ዓመታት ሙሉ የንግድ ነገር አይገባኝም ስትል የኖረች ሴት፣ ልቧ በተቆረጠ በዚያች ቅጽበት ለማን ምን መንገር እንዳለባት አላጣችውም። እውቀቱ እንደ ተቆለፈ ክፍል እዚያው ቤቷ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም በእጇ ነበር።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ሰክሮ ላጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበትን ሕግ ያነሣል፤ ሰውየው ያደረገውን ባያውቅም አለመስከር ግን በእጁ ነበርና። ከጃስሚን እጅ የቮድካ ብርጭቆ አለመለየቱ የዳይሬክተሩ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላው ወገን ነው። ያ ስልክ ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ ሌባ አስይዟል። የተደወለው ግን ለተዘረፉት ታስቦ አይደለም። በቅናት የተሠራ ጽድቅ ጽድቅ ነው? የሃል ልጅ ዳኒ በሐፍረት ሃርቫርድን ጥሎ ጠፍቷል። ኋላ ኦክላንድ ውስጥ ስታገኘው ዓይኗን ማየት አይፈልግም። ከሁሉ በላይ የሚጸየፋት በዚያው ስልክ ነው። ዳኒ ተሳስቷል ለማለት ይቃጣኛል፤ በእሱ ቦታ ብሆን ግን ከዚህ ሌላ አላደርግም ነበር።

በመጨረሻ ፀጉሯ እንደረጠበ ከእኅቷ ቤት ወጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ አንዲት ሴት ጋዜጣ ታነባለች። ጃስሚን ከሃል ጋር በተዋወቁ ቀን ይሰማ ስለነበረው ዘፈን ለራሷ ታወራለች፤ ቃላቱን አውቃቸው ነበር፣ አሁን ተዘበራረቁብኝ ትላለች። ሴትየዋ ጋዜጣዋን ይዛ፣ ምንም እንዳልሰማች ሆና፣ ተነሥታ ትሄዳለች።