ድምፅን ስለ መቅረጽና ስለ ተወላጅ ቃና

ድምፁን በመቅረጫ የሚያስቀር አንባቢ የተወለደበትን አገር ቃና ይተው ዘንድ ይገባዋልን? የእንግሊዝ ራዲዮ ቢቢሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. አከራካሪ ቃላት እንዴት እንዲነበቡ የሚመክር ሸንጎ አቁሞ ነበር። በ1941 ዓ.ም. ግን የዮርክሻየር ተወላጅ ዊልፍሬድ ፒክልስ በሰሜን ቃናው ዜና ቢያነብ ብዙ አድማጮች ተቆጡ። ዜናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንደበቱ ብቻ ነበር።

በአማርኛም ነገሩ ይኸው ነው። ‹አለ› የሚለው ቃል ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታልና፣ ማጥበቅንና ማላላትን የሚስት አንባቢ ትርጕም ያፈርሳል፤ ቀራጩም ደግሞ ሊያስነብበው ግዴታው ነው። የጐጃም ወይም የወሎ ሰው በአገሩ ቃና ያነበበው ግን ምሥጢሩ እስካልተናጋ ድረስ ስሕተት አይባልም። ቃናህን ደብቅ የሚለው ቀራጭ (እርሱ ራሱ ቃና የሌለው ይመስለዋል) ንባቡን ትቶ የሰውየውን ትውልድ ያርማል። አንባቢውም ስለ እንጀራው ሲል እሺ ይላል።