ከመምህሩ ዓይን የራቀ ተማሪ

መምህርና ተማሪ በአንድ ጣራ ሥር ወይም በአንድ ዛፍ ጥላ ፊት ለፊት ተያይተው ትምህርት ሲቀባበሉ የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። መምህሩ የተማሪውን ዓይን አይቶ የገባውንና ያልገባውን ይለያል፤ ተማሪውም የመምህሩን ፊት አይቶ ይፈራል፥ ያፍራል፥ ይተጋል። ዛሬ ግን ትምህርቱ በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት እቤት ድረስ የሚመጣበት፥ ተማሪውም መምህሩን አንድ ቀን እንኳ በአካል ሳያገኘው የኮሌጅ ትምህርቱን የሚፈጽምበት ጊዜ ደርሷል። በዚህም ምክንያት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የሚያየው ሰው የሌለው ተማሪ የሚተጋው ለማን ነው? ትጋቱስ ከየት ይመጣለታል? የሚል ነው።

ጥያቄው ከመሣሪያው ይልቅ እጅግ ያረጀ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ፊቱን አይተው ለማያውቁ ለቈላስይስና ለሎዶቅያ ምእመናን በመልእክት አስተምሯል (ቈላ. 2፥1)፤ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍም እርሱ በአጠገባቸው ሳለ ከነበራቸው መታዘዝ ይልቅ በራቀ ጊዜ የሚኖራቸውን አብልጦ ሲሻ እናያለን (ፊልጵ. 2፥12)። በወንጌል የተጻፈው የመክሊት ምሳሌም ጌታው ወደ ሩቅ አገር ከሄደ በኋላ የሆነ ነገር ነው። ጌታው በደጅ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን ለመቅበር ባልደፈረም ነበር፤ ሁለቱም ምናልባት በፍርሃት ብቻ በነገዱ ነበር። የሦስቱ ልዩነት የተገለጠው የሚያይ ዓይን በሌለበት ጊዜ ነው።

በአገራችን ከሩቅ ሆኖ መማር በደብዳቤና በሬዲዮ የቆየ ቢሆንም፥ በኢንተርኔት መሰጠቱ ጎልቶ የታየው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በየቤታቸው ሳሉ ለማስተማር ሞከሩ፤ ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ መምህራን በኢንተርኔት ማስተማርን፥ ተማሪዎችም በኢንተርኔት መማርን የሚለማመዱበትን መርሐ ግብር አቋቁሟል። እንግዲህ ነገሩ አልፎ ሂያጅ አይደለም ማለት ነው።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ በተዘረጋው የይፋት ቆላ ለሚኖር ወጣት ይህ የትምህርት መንገድ ከምርጫነት ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ጥፋት ከደረሰ፥ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ከመጣ በኋላ፥ ልጁን ወደ ሩቅ ከተማ ለመላክ የሚሠጋ ወላጅ ብዙ ነው። ሥራውን ሳይለቅ ዲግሪ ለማግኘት የሚሻ መምህርም አለ፤ ሕፃን ታቅፋ የጤና ትምህርቷን ለማሻሻል የምትመኝ እናትም አለች። ለእነዚህ በስልክ የሚመጣው ትምህርት የተከፈተ በር ነው። ነገር ግን የበሩ መከፈት የመንገዱን ርዝመት አያሳጥርም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚሁ ነው። ትምህርቱ በስልክ ስለ መጣ ቀላል ይመስለዋል። በኮሌጆች የታወቀው ልማድ ግን በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍል ላለው ትምህርት ተማሪው የዚያን ሁለት እጥፍ ለብቻው እንዲያጠና ይጠይቃል፤ ይኸውም ባጠቃላይ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ዘጠኝ ሰዓት አንዱንም አይቀንስም፤ የሚያስቀረው ተማሪውን ከቤቱ አስወጥቶ ወደ ክፍል የሚወስደውን ደወል ብቻ ነው። ሦስት ትምህርት በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሰው በሳምንት ሃያ ሰባት ሰዓት ከየት እንደሚያመጣ ከመመዝገቡ በፊት ቁጭ ብሎ ማስላት ይገባዋል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ኪሳራውን እንዲቈጥር ጌታችን ያስተማረው ለዚህም ይሆናል (ሉቃ. 14፥28)። በዓለም ላይ ለማንም በነፃ ክፍት በሆኑት የኢንተርኔት ትምህርቶች ከሚመዘገቡት መቶ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው የሚደርሱት ከአሥር ያነሱ ናቸው። እንዲህ የሆነው ዘጠናዎቹ ሁሉ አእምሮ ጎድሏቸው አይመስለኝም፤ ቀኑን የሚከፋፍልላቸው ሰው አጥተው ነው።

የይፋት ገበሬ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ማሽላው ባሸተ ጊዜ ግሪሳ ወፍ እንዳይጨርሰው ልጅ በማማ ላይ ይቀመጣል፤ ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ይጠብቃል። ጠባቂውን የሚጠብቅ ሌላ ጠባቂ የለም። አባቱ ከቤት ወይም ከገበያ ነው። ልጁ በቀትር ሐሩር አንድ ሰዓት ቢያንቀላፋ በዚያች ሰዓት የሚናገርበት ሰው አይገኝም፤ የሚናገረው በመከር ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚታየው ራስ ነው። በማማ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ የሚበረታው ዘወትር በፍርሃት አይደለም፤ እህሉ የእናቱና የታናናሾቹ እንጀራ መሆኑን ያውቃልና ነው። በኢንተርኔት የሚማር ወጣትም የመጀመሪያውን የትጋት ምክንያቱን ከዚህ ቢፈልግ አይሳሳትም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝን የሚማር ሰው ነገ የማኅበሩን ገንዘብ የሚቈጣጠር እርሱ ነው፤ ስለ መድኃኒት መጠን የምታጠናው እህት ያን መጠን የምትሰጠው ለጎረቤቷ ልጅ ነው። ትምህርቱ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ባለቤቱም በርቀት ያለው መምህር ብቻ አይደለም።

በእስር ቤት የነበሩት ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን በርቀት ትምህርት ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ያገኙት በ1981 ዓ.ም. ገና ሳይፈቱ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ወታደራዊ ልምምድ ያደረጉ ሰው መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል። እስረኛ መጽሐፍ በወቅቱ አያገኝም፥ ደብዳቤውም ይመረመራል፤ ሆኖም መጨረስ ተችሏል። ይህን የማነሣው ችግር ያለበትን ተማሪ ለመውቀስ አይደለም፤ መምህር ሳያዩ መማር ጽናት እንጂ ምቾት እንዳልወለደው ለማስረዳት ነው።

በአባቶቻችን ጉባኤ ቤትም ብቻን መሆን የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር፥ ዛሬም ነው። የንባብ ቤት ሕፃን የቃል ትምህርቱን የሚያጠናው ሲመሽ፥ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ነው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ይቀመጥና ቅኔውን ይቈጥራል፤ በዚያ ሰዓት መምህሩ አጠገቡ የለም። ነገር ግን ብቻውን አይቀርም። በነገራው ጊዜ የቈጠረውን በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ያቀርባል፤ ይታረማል፥ ይነቀፋል፥ አንዳንዴም ይመሰገናል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚነግር ቢኖር ነውሩ ትልቅ ነው፤ የራስን እንኳ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም አይወደድም። እንግዲህ የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት ሁለት ነገር አጣምሮ የያዘ ነው፤ ለብቻ መድከምና የደከሙበትን ለሚሰማ ሰው ማቅረብ። በኢንተርኔት የሚማረው ወጣት የመጀመሪያውን በግድ ያገኘዋል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ ካልፈለገው አያገኘውም።

ስለዚህ መጠየቅን መልመድ አለበት። የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን የምናውቀው ነው (ሐዋ. 8፥26–40)። በሠረገላው ሆኖ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ለብቻው ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ማስተዋሉን በጠየቀው ጊዜ የንግሥት ባለሟልነቱ ሳያኮራው የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናገረ፥ ወጥቶም ከአጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። በክፍል የሚማር ተማሪ ባይገባውና ዝም ቢል መምህሩ ከፊቱ ያነብበዋል። በርቀት የሚማረው ዝም ካለ ግን መምህሩ የሚያየው የተጻፈ ስሙን ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ የሰነበተ ተማሪ በኋላ ለመጠየቅ ያፍራል፤ እፍረቱ ሌላ ዝምታ ይወልዳል፤ በዚህ ዓይነት ሳይታወቀው ከትምህርቱ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የትምህርቱን ዕቅድ እስከ መጨረሻው አንብቦ፥ የማስረከቢያውን ቀኖች በወረቀት ገልብጦ በግድግዳ ላይ መለጠፍ፥ ለመምህሩም ማን እንደ ሆነና ከምን ዓይነት አገር እንደሚማር የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ለዚህ ይረዳል።

ከምን ዓይነት አገር እንደሚማር ማለቴ በከንቱ አይደለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በደኅናውም ጊዜ መብራት ሲጠፋ ስልኩም ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ይህን ካልነገሩት አያውቀውም። እንግዲህ አንድ ከባድ የኅሊና ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ተማሪው ሥራውን በቀኑ ሳያስረክብ ቀርቶ ኔትወርክ ጠፍቶብኝ ነው ቢል መምህሩ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት መንገድ የለውም። በእርግጥ የጠፋበት አለ፤ ተኝቶ ወይም ኳስ ሲያይ አምሽቶ ኔትወርኩን የሚከስም አለ። ይህ ሁለተኛው ትንሽ ውሸት የዋሸ ይመስለዋል፤ የሚጎዳው ግን መምህሩን አይደለም። ውሸቱ ሲደጋገምና ሲገለጥ መምህሩ ልቡን ያጠነክራል፤ ያን ጊዜ ኮረብታ ለኮረብታ ስልኩን እያነሣ ምልክት ሲፈልግ የዋለው እውነተኛው ልጅ ሲለምን የሚያምነው ያጣል። የድኻውን ምስክርነት አስቀድሞ ያረከሰበት የገዛ አገሩ ልጅ ነው። ከስርቆት ብዙ የተለየ ሆኖ አይታየኝም።

በመምህሩም በኩል ፍርድ አለ። የመክሊቱ ጌታ ለእያንዳንዱ የሰጠው እንደ ዐቅሙ ነበር፤ በሰጠው ልክም ጠየቀ። ከባድ የምስል ትምህርት ብቻ እየላኩ፥ በጽሑፍም ሳያቀርቡ፥ የማስረከቢያውን ሰዓት በእኩለ ሌሊት ዘግቶ በይፋት ያለውን ልጅ በአዲስ አበባው ሚዛን መመዘን እኩልነት አይባልም። ተማሪው ደግሞ የሚችለውን ያድርግ፤ ኔትወርክ በመጣ ጊዜ የወሩን ትምህርት በአንድ ላይ አውርዶ ያስቀምጥ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳልና ከማኅሌት በፊት ያለችውን ሰዓት ይጠቀምባት፤ ሥራውን ከቀኑ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይላክ፤ መብራት ሳለ ስልኩን ይሙላ። ልባሞቹ ደናግል በማሰሮአቸው ተጨማሪ ዘይት የያዙት ሙሽራው እንደሚዘገይ አስበው ነው።

የዘይቱ ምሳሌ ለሌላም ነገር ይሆናል፤ ዘይቱን መበደር አልተቻለምና። ለተማሪ በገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ የተሰወረ አይደለም። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ያለ ገንዘብ በደቂቃ ይጽፋል። መሣሪያውን ፈጽሞ አትንኩ የሚሉትን አባቶች አሳብ እኔ አልከተልም፤ ያልገባን ነገር እንዲያብራራ መጠየቅ መዝገበ ቃላት ከመግለጥ ይቀራረባል፥ ስሕተቱን መመርመር ግን ያስፈልጋል። ነገር ግን ተማሪ በስሙ የሚያስረክበው ጽሑፍ ምስክርነት ነው፤ ይህን እኔ አሰብሁት፥ እኔም ዐውቀዋለሁ ማለቱ ነው። ያላሰበውን በስሙ ካቀረበ ነገሩ ከስንፍና አልፎ የሐሰት ምስክርነት ይሆናል። አገራችን የዚህን ዋጋ አይታለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና መሰረቅና መኮራረጅ እንዳይኖር ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተፈተኑ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ጦርነቱም የትምህርት ቤቶቹ ድኽነትም ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ስንቱ በተበደረ ዘይት ሲያበራ እንደ ኖረ መገመት አያስቸግርም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መውጫ ፈተናም በርቀት የተማረውን በክፍል ከተማረው አይለይም።

እስከዚህ የተነገረው ለተማሪው ነው። ለእኛ ለወላጆችና ለካህናት የሚነገርም አለ። ልጅ ስልክ ይዞ ከጥግ ሲቀመጥ ሥራ የፈታ ይመስለናል፤ ስለዚህ እንልከዋለን። ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ ውኃው፥ ወፍጮው፥ ምጣዱ ሁሉ የእርሷ ነው፤ ዘጠኙን ሰዓት የምታገኘው ሌላው ከተኛ በኋላ ይሆናል። በማማ ላይ ያለውን ልጅ ከማማው አውርደን ወደ ገበያ አንልከውም፤ የምትማረውንም ልጅ እንዲሁ በሰዓቷ መተው ይገባናል። የንስሐ አባትም የንስሐ ልጁን አለፍህ ወይ ብሎ ብቻ አይጠይቀው፤ በዚህ ሳምንት ምን ተማርህ ብሎ ይጠይቀው። ትምህርቱ ምሕንድስና ቢሆንና ካህኑ ባይገባው ምንም አይደለም፤ ልጁ ሲያስረዳ ያልገባው ነገር ለራሱ ይገለጥለታል።

በማጀቴም ሆነ በሌላው የይፋት ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ያለው አጥቢያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ለእነዚህ ተማሪዎች ቢፈቅድ ብዙ ወጪ አያስከትልም፤ ጠረጴዛ፥ የኤሌክትሪክ መሰኪያ፥ ዝምታ ይበቃል። አንዱ ሒሳብ፥ አንዱ ነርስነት፥ አንዱ ግብርና የሚማር ቢሆንም፥ እንደ ቅኔ ቤቱ ነገራ እያንዳንዱ የሳምንቱን ትምህርት ለጓደኛው በቃሉ ይንገር፤ የሚሰማው ያልተረዳውን ይጠይቅ። ቅዳሜ ገበያ በሆነበት ስፍራ ቀኑን ወደ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማዛወር ይቻላል።