ያልተመዘገበ ምሳ

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ምርጫ ልትሞላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «ጋሼ፣ ግብርና ያዋጣል?» አለችኝ።

ሳታውቀው ለጥያቄዋ የሚሆን ቦታ መርጣለች። ድልድዩ የተሰየመባቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ሐረርን ያስተዳደሩ ናቸው። ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1940ዎቹ እዚያው ሐረርጌ፣ ዓለማያ ላይ፣ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ተባብረው የእርሻ ኮሌጅ አቆሙ። እኔ የደረስኩበት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ ነው፤ የተማርኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ነገርኳት። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይሸከማል፤ ሥራ ሲይዝ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። በ2003 ስመረቅ የእኔ ዕዳ 12 ሺህ ብር ከምናምን ነበር። ምሥራቅ ጎጃም፣ አንድ ወረዳ ላይ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ደመወዜ ከ1,500 ብር ብዙ አይርቅም ነበር። ለዕዳው የሚቆረጠው አሥር በመቶ 150 ብር ነው። ቁጭ ብዬ ብከፍለው ሰማንያ ወር። ደመወዝ ሲጨመር ቆረጣውም ጨመረና ስድስት ዓመት ሳይሞላ አለቀ። ዛሬ ፒያሳ ዳገቱ ላይ የአትክልት ዘርና የፀረ ተባይ መድኃኒት በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሬ የማገኘው፣ ወረዳ ብቆይ ኖሮ ከማገኘው ይበልጣል። ዲግሪው ሳይሆን መልቀቁ ነው ያዋጣኝ።

«እንግዲያው አያዋጣም ማለት ነው» አለች። በዚህ ሚዛን አዎ። እኔን ያስቸገረኝ ሚዛኑ ነው።

በውሉ ላይ ሦስት መስመር አለ፦ ምግብ፣ መኝታ፣ ትምህርት። በእኔ ወረቀት ላይ ከሁሉ የከበደው የምግቡ ነበር። ያ ሁሉ ቀጭን ሽሮ በብር ተተምኖ ተጽፏል! ስፈርም አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ የለመኑ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ውሻ የነከሳቸው ጠባሳ እስካሁን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አለ። ዜማና ቅኔ ተምረው ሲወጡ ቁራሹን ቆጥሮ የጠየቃቸው መንደር የለም፤ የኔታም ውል አላስፈረሟቸውም። ይሁን እንጂ ነጻ አልወጡም። በሌሊት ለፍትሐት ቢጠሩ ይነሣሉ፤ ጨርሶ በማያውቁት ሰው ቤት እንኳ። ለምን ስላቸው፣ «የበላሁበትን ቤት ለይቼ አላውቀውም፤ ስለዚህ ሁሉም ቤት ነው» ይላሉ።

ዕዳና ውለታ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ዕዳ ቁጥር አለው፣ ያልቃል። ውለታ ቁጥር የለውም። እኔ ግን ውለታን ብቻ አላሞግስም፤ ልክ የሌለው ነገር ቀንበርም ይሆናል፣ ሰው በውለታ ታስሮ ዕድሜውን ሲፈጅ አይቻለሁ። የወጪ መጋራት ዕዳዬን ጨርሼ ክሊራንሴን የተቀበልኩ ቀን የተሰማኝ እፎይታ የውሸት አልነበረም። በወሩ ወረዳውን ለቀቅሁ።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። በ2005 ዓ.ም. ጤፍን በመስመር መዝራት የዘመቻ ሥራ ነበር። በብተና በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ ዘር የሚፈጀው ማሳ በመስመር 5 ኪሎ ይበቃዋል እያልኩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። እማማ ነበር የምላቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ማሳውን ብቻቸውን የያዙ። እምቢ አላሉኝም። በብተና ግማሽ ቀን የማይፈጅ ጥማድ ሁለት ቀን ፈጀ። ለደቦው የጠመቁት ጠላና የጋገሩት እንጀራ ከተጨመረው ምርት በለጠ። ሲወቃ አውድማው ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዘሩን አዳንኸው፣ ሰዉን ጨረስከው» አሉኝ። ከዚያም ምሳ አቀረቡልኝ። ከዚያ በኋላም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሳልበላ አላለፍኩም።

በወንጌል ያለው ሎሌ መክሊቱን መሬት ውስጥ ቀብሮ ተወቀሰ። የእኛ ሙያ ደግሞ መሬት ውስጥ መቅበር ነው፤ የሚያስወቅሰን የሌላ ሰው መክሊት ስንቀብር መሰለኝ። እኔ ለማይጣፍጠው ሽሮ በየወሩ ተቆረጠብኝ። እማማን ላከሰርኳቸው ግን አንድ ሳንቲም አልተቆረጠብኝም፤ የሚቆርጥ መሥሪያ ቤትም የለም። ደግሞ ከትምህርቴ ወጪ ያ የተረፈው 85 በመቶ ከየት መጣ? ጨውና ሳሙና ሲገዙ ቀረጥ ከሚከፍሉት መካከል እማማም አሉበት። ውሉ ላይ የእኔና የመንግሥት ፊርማ እንጂ የእሳቸው አሻራ የለም።

ይህን ሁሉ ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ነገርኳት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ብዙው የፒያሳ አሮጌ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ሻይ የምንጠጣባት ጠባብ ቤት ስለሌለች እየተራመድን ነው የምናወራው።

«እንግዲህ ልሙላው ወይስ ልተወው?»

«ለብር ከሆነ ተይው» አልኳት። «ከሞላሽው ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰው ማሳ ላይ ምክር ከመስጠትሽ በፊት፣ ባይሳካ ኪሳራው የማን እንደሆነ ጠይቂ። እኔን ማንም አልነገረኝም።»

ዝም ብላ ትንሽ ሄደችና፣ «ሴትዮዋ አሁን የት ናቸው?» አለችኝ።

እዚያው ናቸው። ስልክ አላቸው። ከለቀቅሁ ወዲህ የደወልኩላቸው ሁለት ጊዜ ነው።