የሚናገር ቀለበት

ሁለት ጣት የሚሸፍን ቀለበት ማድረግ ነውር ነውን? በአሶሳ ሠርጎች ላይ እንዲህ ያለውን አያለሁ፤ ዓይኔም ይከተለዋል፤ ውበቱን አልክድም፡፡ ጥያቄው ግን እዚህ ይከብዳል፡፡ ይህ ምድር የወርቅ ምድር ነውና፡፡ የግብፁ ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር፡፡ ኋላም የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር፡፡

ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን “የኮክቴል ቀለበት” ይሉታል፡፡ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ በከለከለችበት ዘመን፣ በድብቅ ግብዣዎች ላይ ሴቶች ብርጭቆ በያዘው እጃቸው ያጠልቁት ነበር ይባላል፡፡ በዚህ ብቻ አልኮንነውም፤ ዕቃ በአያቱ አይፈረድበትም፡፡

ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) የብር ቀለበት ነበራቸው፡፡ ያሠሩት ነገሥታት ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ስለተነገራቸው ነው፡፡ የአላህ መልእክተኛነታቸው ተቀርጾበት ነበር፡፡ ከእርሳቸው በኋላ ለአቡበክር፣ ለዑመር፣ ከዚያም ለዑስማን (ረ.ዐ) ተላልፎ፣ በዑስማን ዘመን በአሪስ የውኃ ጉድጓድ ወድቆ ጠፋ፡፡ ያ ቀለበትም ይናገር ነበር፤ ንግግሩ ግን ባለቤቱን በቃሉ የሚያስር ነው፡፡ የዛሬው “እዩኝ” ይልና ዝም ይላል፡፡

ወርቅ ለሴቶች ተፈቅዷል፤ ለወንዶች ተከልክሏል፡፡ ስለዚህ እህቶቻችንን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጣት እንይ፡፡ በዘካው ላይ ግን ዑለማእ ይለያያሉ፡፡ በሐነፊ መዝሀብ ጌጥም ቢሆን 85 ግራም ገደማ ሞልቶ ዓመት ከዞረው ከአርባ አንድ እጅ ይወጣለታል፡፡ በሻፊዒ መዝሀብ ሴት የምታጌጥበት ወርቅ ዘካ የለበትም፤ ከልክ አልፎ ብክነት ሲሆን ግን ይኖርበታል፡፡ እንግዲህ “ምን ያህል ትልቅ?” የሚለው የወርቅ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ከልኩ ባለፈው ውስጥ የድኻ ሐቅ አለ፡፡

ያቺ ድኻ ማን ናት? በመንጌ፣ በሸርቆሌ፣ በኩርሙክ እናቶች ወንዝ ዳር አጎንብሰው አሸዋ በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ይለያሉ፡፡ ያገኟትን ቅንጣት ለነጋዴ ይሸጡና እህል ይገዛሉ፡፡ ከእነርሱ መካከል ለራሷ ትልቅ ቀለበት ያሠራች እኔ አላየሁም፡፡

ልኩ የሚታወቀው በአገር ልማድ ነው ይላሉ ዑለማኡ፡፡ የየትኛው አገር? የሠርግ አዳራሹ ወይስ የወንዙ ዳር? ለእኔ ቢተው በወንዙ ዳር እለካው ነበር፡፡