ሳያዩ መመስከር

ለመሆኑ ሰው ራሱ ያላየውን ነገር «ትክክል ነው» ብሎ ሊመሰክር ይገባዋልን? ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ለሚቆሙ ምስክሮች ብቻ የሚቀርብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በሥራ ቦታዬ ሃምሳ ገጽ ያህል ሪፖርት ቀርቦልኝ፣ ግማሹን እንኳ ሳላነብ «ተመርምሯል» ከሚለው ቃል ሥር ፈረምኩ። ያዘጋጀው ሰው ጠንቃቃ ነው፤ ለሕሊናዬ የሰጠሁት ምክንያት ይኸው ነበር። ያ ፊርማ ትዝ ያለኝ ስለ ሒሳብ ሊቃውንት ሳነብ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርቱካን ክምር ነው። የመርካቶ ብርቱካን ሻጭ ፍሬውን ሲከምር አንዱን ብርቱካን ከሥሩ ባሉት መካከል በሚፈጠረው ጎድጓዳ ላይ ያስቀምጣል። እኩል መጠን ያላቸውን ድቡልቡል ነገሮች ከዚህ ይበልጥ አጠጋግቶ መደርደር እንደማይቻል ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 እ.ኤ.አ. ጻፈ። በዚህ አደራደር ከቦታው 74 ከመቶ ያህሉ ይሞላል። ሻጩ በእጁ የሚያውቀውን ነገር ማረጋገጥ ግን ወደ 400 ዓመት ፈጀ።

በ1998 አሜሪካዊው ምሁር ቶማስ ሄልስ ማረጋገጫውን አቀረበ። 250 ገጽ ጽሑፍ፣ በዚያ ላይ 3 ጊጋባይት የኮምፒዩተር ስሌት! «አናልስ ኦፍ ማቴማቲክስ» የተባለው መጽሔት 12 መርማሪዎች መደበ። እነርሱም ዓመታት ደክመው 99 ከመቶ እርግጠኛ መሆናቸውን፣ የኮምፒዩተሩን ስሌት ሁሉ ግን ማረጋገጥ እንዳልቻሉ ተናገሩ።

እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። ቢፈርሙ ኖሮ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ምስክርነት አማና ነውና ያቺን አንዲት መቶኛ አልሸፈኗትም።

ሄልስ በዚህ አልረካም። ማረጋገጫው አንድም እርምጃ ሳይዘለል፣ በሎጂክ ሕግ እየተመዘነ በኮምፒዩተር እንዲመረመር በ2003 ሥራ ጀመረ። ከብዙ ተባባሪዎች ጋር በ2014 ፈጸመው።

«እንግዲያውስ ማሽኑ ከመሰከረ ሰው ምን አደከመው?» የሚል አይጠፋም። ዛሬ በየቢሮው «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ማለት መልስ ሆኖ የለ? እኔ አልቀበለውም። ማሽኑ የሚያረጋግጠው መደምደሚያው ከመነሻው መከተሉን ነው። የተጻፈለት ዓረፍተ ነገር በእርግጥ ኬፕለር ያለው መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው። መርማሪውን ፕሮግራም ራሱንስ ማን ይመርምረው? ለዚህም ሲሉ ከዋነኞቹ ፕሮግራሞች የአንዱን እምብርት በጥቂት መቶ መስመሮች ወሰኑት፤ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ ይጨርሰዋል። እንደ እኔ አስተያየት የእነዚህ ምሁራን ትልቁ ሥራ ምስክሩን ማሰናበታቸው አይደለም፤ ሊያየው የሚገባውን በእርግጥ ሊያየው በሚችለው ልክ ማድረጋቸው ነው።

ያን ሪፖርት ሰሞኑን ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ሐሰቱ ፊርማዬ ብቻ ነበር።