የአንድ ሰው ሸክም፣ የሃምሳ ሰው ጌጥ

በአማርኛ የታመመ ሰው ዘንድ መሄድ «መጠየቅ» ይባላል። ጠያቂ የሕመምተኛውን ሁኔታ ለማወቅ የመጣ፣ «እንዴት አደርክ? እንዴት ዋልሽ?» የሚል ሰው ነው። በተግባር ግን ጥየቃ ከቃል ያልፋል። አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ግንባር መዳበስ፣ እጅ መያዝ፣ ትራስ ማስተካከል፣ ከቤት የመጣ አጥሚት ማጠጣት ሁሉ በውስጡ አለ። ሰው ታሞ ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ የሚደርስበት ወቀሳ ልቅሶ ከቀረ ሰው ወቀሳ እምብዛም አያንስም። ክርስቲያኑ በፍርድ ቀን ከሚመረመርባቸው ምግባሮች አንዱ ይህ እንደሆነ ይማራል። ሙስሊሙም የታመመ ወንድሙን መጠየቅ፣ ወንድሙ በእርሱ ላይ ካሉት መብቶች አንዱ እንደሆነ ያውቃል።

ካልጋሪ የገባው ኢትዮጵያዊ ይህን ግዴታ ይዞት መጥቷል። እንዲያውም በስደት አገር ግዴታው ይከብዳል። እናትና አባት፣ እህትና ወንድም ውቅያኖስ ማዶ ሲሆኑ፣ የሥጋ ዘመድን ቦታ የሚሸፍነው የዕድር ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፣ አብሮ የሚሠራ ባልደረባ ነው። «እገሌ ፒተር ሎሂድ ተኝቷል» ወይም «እገሊት ፉትሂልስ ገብታለች» ሲባል፣ የሌሊት ፈረቃውን የጨረሰ ታክሲ ነጂም ሆነ ከጽዳት ሥራ የወጣች እናት ወደ ቤት ከመግባት በፊት ወደ ሆስፒታሉ ይታጠፋሉ።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ በክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ይጠብቃቸዋል። ከመግባት በፊት ነርስ አነጋግሩ፣ እጃችሁን አጽዱ፣ ጋውንና ጓንት ልበሱ ይላል። ውስጥ ያለው ሰው ለዳሌ ስብራት ወይም ለሐሞት ጠጠር የገባ ሊሆን ይችላል። ከአፍንጫው በተወሰደ ናሙና ግን ኤምአርኤስኤ የሚባለው፣ የተለመዱት አንቲባዮቲኮች የማይበግሩት ባክቴሪያ ተገኝቶበታል። ጀርሙ እርሱን አላሳመመውም፤ ወደፊትም ላያሳምመው ይችላል። ለብቻው የተኛው ከሁሉ በፊት ለሌሎች ሲባል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንድን ሰው ስማቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ሰዎች ደኅንነት ሲባል ለብቻው ማስተኛት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ፣ ያ ሰው በምላሹ ምን ይገባዋል? ሆስፒታሎች ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላቸው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

የመጀመሪያውን መልስ ለመረዳት እ.ኤ.አ. ወደ 1847 መመለስ ይጠቅማል። በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ያገለግላሉ። በሐኪሞቹ ክፍል ከአሥር እናቶች አንዷ ያህል በወሊድ ትኩሳት ትሞት ነበር፤ በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት ከዚያ እጅግ ያነሱ ነበሩ። ኢግናዝ ሰመልዋይስ የተባለው ሐኪም ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ባልደረባው አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በቢላ ተወግቶ፣ ከእናቶቹ ጋር በሚመሳሰል ሕመም ሞተ። ሰመልዋይስ ነገሩን ከዚያ በኋላ ጨበጠው። ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል እየወጡ ወደ ወላዶች ይገቡ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ እናቶች የሚሞቱት ወደ ሁለት ገደማ ወረዱ። ይሁን እንጂ ብዙ ሐኪሞች ሊቀበሉት አልፈለጉም። ግኝቱ መልካም አሳቢው እጃቸው ራሱ ገዳይ እንደነበረ ይናገር ነበርና።

የሆስፒታል ኢንፌክሽን ሥነ ምግባራዊ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ክፋት የለበትም፤ ጉዳት ግን አለ። አድራጊው አያውቅም፣ ተጎጂው ማን እንደጎዳው አይነግርም፣ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው የለም። ጉዳቱን ያደረሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመርዳት የተዘረጋ እጅ ነው።

ለዚህ እውቀት ካልጋሪ ራሷ ድርሻ አላት። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ቢል ኮስተርተን ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ባወጣው ጽሑፍ፣ ባክቴሪያ በፈሳሽ ውስጥ ለየብቻው የሚንሳፈፍ ብቻ ሳይሆን ገጽ ላይ ተጣብቆ፣ ራሱ በሚሠራው ልሃጭ መሰል ሽፋን ውስጥ በማኅበር የሚኖር ፍጥረት መሆኑን አስረዳ። ይህ አኗኗር ባዮፊልም ይባላል። የሽንት ቱቦ፣ የደም ሥር ቱቦ፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሁሉ ለእንዲህ ያለው ማኅበር መኖሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ለየብቻው የሚንሳፈፈውን ጀርም የሚገድል መድኃኒት በሽፋኑ ውስጥ የተጠለለውን ብዙ ጊዜ ማጥፋት ይሳነዋል፤ ያለው አማራጭ ቱቦውን መንቀል ወይም መገጣጠሚያውን በቀዶ ጥገና ማውጣት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጀርሙ ከመጣበቁ በፊት መከላከል ይሻላል። ይህ ደግሞ ቱቦውን የሚነካውን የእያንዳንዱን ሰው እጅ ይመለከታል፤ የሐኪሙንም፣ ብርድ ልብስ የምታስተካክለውን እህትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በሀብታም አገሮች ለአጣዳፊ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። ከተያዙት አሥር ሰዎች አንዱ ያህል ይሞታል። ካልጋሪም ይህን በቅርብ አይታዋለች። በ2020 መስከረም በፉትሂልስ ሜዲካል ሴንተር ውስጥ የኮቪድ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ የልብ ሕሙማን የሚታከሙባቸውን ክፍሎች ጭምር አዳረሰ። ሕሙማንም፣ ሠራተኞችም፣ ጠያቂዎችም ተያዙ፤ ከአሥር በላይ ሕሙማን ሞቱ። ለልባቸው መፍትሔ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ባላሰቡት በር ሞት ገባባቸው።

እንግዲህ ጠያቂ ሲገባ የሚያየው አንድ አልጋ ነው። ነርሷ ግን ከዚያ ክፍል ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች። በሚቀጥለው ክፍል የደም ካንሰር ታማሚ አለ፤ ሕክምናው በሽታ የመከላከል አቅሙን አሟጦታል። ከእርሱ ወዲያ ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገላት አሮጊት አሉ። እነርሱም ዘመድ አላቸው፤ በአንድ ቋንቋ የሚጠይቃቸው፣ በሌላ ቋንቋ የሚያለቅስላቸው። የአገር ቤት ሥነ ምግባር ለሚታወቅ ሰው የሚደረገውን አሳምሮ ያስተምራል፤ ለጎረቤት፣ ለአበልጅ፣ ለማኅበርተኛ። ሆስፒታል ደግሞ ያልታወቀ ጎረቤት ያመጣል። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ስለዚያ ጎረቤት ይናገራል። በዚህ መጠን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ አዎን፣ ተገቢ ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ግን መለየት የራሱ ጉዳት አለው። በ2003 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የጥናቱ መሪ ሄንሪ ቶማስ ስቴልፎክስ ኋላ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፕሮፌሰር የሆነ ሐኪም ነው። በአንድ የቶሮንቶና በአንድ የቦስተን ሆስፒታል በተደረገው በዚህ ጥናት፣ ለኢንፌክሽን መቆጣጠሪያ ተለይተው የተኙ ሕሙማን ካልተለዩት ይልቅ በሕክምና ላይ የሚደርስ ጉዳት በእጥፍ ያህል ይደርስባቸው ነበር። መውደቅና በመተኛት የሚመጣ ቁስል ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው በታዘዘው ጊዜ የማይመዘገብበት አጋጣሚ ይበዛ ነበር፤ ቅሬታቸውም የበዛ ነበር። ሐኪምና ነርስ ስለጠሏቸው አይደለም። ጋውንና ጓንት መልበስ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ የሚወስድ በር ደግሞ ሳይታወቅ ያነሰ ይከፈታል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። የተለየው ሕመምተኛ ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የተሸከመ ሰው ነው። በእርሱ ብቸኝነት ፎቁ ሁሉ ይጠበቃል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው። ሸክሙ ተገቢ ነው ማለት ያለ ዕዳ ነው ማለት አይደለም።

ዕዳውን የሚያከብድ ታሪካዊ ትዝታም አለ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሲባል ዛሬም ብዙ ሰው የሚያስበው የሥጋ ደዌን ነው። በዚያ ከተመሠረተው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ በ1965 አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል ተነሣ። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን፣ በቀላሉም የማይተላለፍ በሽታ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሕሙማን ከዳኑም በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ከብዷቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ኖሩ፤ ልጆቻቸው እንኳ ከነቀፌታው አልዳኑም። ይህን የሚያውቅ አባት በካልጋሪ ሆስፒታል በሩ ላይ ወረቀት ሲለጠፍበት ጀርም ብቻ አያስብም። «ሰው ሸሸኝ» ይላል።

ሌላም የሚያቆስል ነገር አለ። በካናዳ ሆስፒታሎች አንድ ሰው ሲተኛ፣ በቅርብ ጊዜ ከአገር ውጭ በሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ እንደሆነ መጠየቁ የተለመደ ነው። አዎን ካለ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ለብቻው እንዲተኛ ሊደረግም ይችላል። ለክረምት አገር ቤት ሄዳ፣ እዚያ ታማ ተኝታ የተመለሰች እናት «አፍሪካ ስለሄድኩ ነው?» ብትል አይፈረድባትም። ጥያቄው ግን ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ሆስፒታል ነው፤ አቴንስ ወይም ዴልሂ የተኛንም ሰው ይመለከታል። ብዙ አንቲባዮቲክ የሚፈስበትና ሕሙማን የሚበዙበት ቦታ መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች የሚገኙበት ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳት ሰው ካላገኘች ግን፣ እውነተኛው ጥንቃቄ በእርሷ ዘንድ ንቀት ሆኖ ይቀራል።

አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው፤ መለየትና ማግለል። መለየት ወደ ማግለል የሚያልፍበት ድንበር በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ምክንያት ነው። የተለየው ሰው ለምን እንደተለየ በሚገባው ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ እንጂ በአሥር ዓመት ልጁ አፍ ሳይሆን፣ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛው መጨረሻ ነው። ምን ሲሟላ ወረቀቱ እንደሚነሣ ማወቅ አለበት። ሦስተኛው ሰው ነው። የነርሷ እግር መቀነስ የለበትም፤ የወዳጁም ድምፅ መጥፋት የለበትም። አልበርታ በ2020 ጸደይ የሆስፒታል በሮችን ለጠያቂ በሰፊው ስትዘጋ፣ ለሞት ለተቃረቡ፣ ለወላዶችና ለሕፃናት ልዩ ሁኔታ ትታ ነበር። በኋላም ለሕመምተኛው የሚመደብ አንድ ደጋፊ ሰው ከተራ ጠያቂ የተለየ መሆኑ በመመሪያ ታወቀ። አንዳንድ ሰው ለሕመምተኛው እንግዳ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው የሚለው ሐሳብ እንዲህ ሥርዓት ውስጥ ገባ።

የቀረው ዕዳ የሆስፒታሉ ብቻ አይደለም። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ክፍል ከሚሞላ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በተራ ቢመጣ ሕመምተኛው የሚያገኘው ሰው አያንስም፤ እንዲያውም ቀኑ ይሞላለታል። ሲገቡም ሲወጡም እጅን ማጽዳት፣ አልጋው ላይ አለመቀመጥ፣ ምግብም ሆነ ጠበል ከማቅረብ በፊት ነርሷን መጠየቅ ቀላል ነው። ሲ. ዲፊሲል በሚባለው የተቅማጥ ጀርም የተለየ ሰው ዘንድ የሚሄድ ደግሞ፣ አልኮሉ የዚያን ጀርም ዘር ስለማይገድል፣ በሳሙናና በውሃ መታጠብ እንዳለበት ይወቅ። ሳል የያዘው ሰው ቤቱ ቀርቶ ቢደውል እንደጠየቀ ይቆጠርለት። ይህን የዕድሩና የማኅበሩ ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ በአደባባይ ቢናገሩት፣ ብዙ ሰው ወቀሳ ፈርቶ እያሳለ ከመሄድ ይድናል።

«ሞት ከታዘዘ ጀርም ምን ያመጣል?» የሚል አለ። እምነት ግን ጥንቃቄን ሽሮ አያውቅም። ነቢዩ ሙሐመድ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካሉበትም አገር ሸሽቶ እንዳይወጣ ማስተማራቸው ይታወቃል። ሁለተኛው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ራስን ከአደጋ መጠበቅ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ለማያውቁት ሰው ሲሉ ባሉበት መቆየት ግን ትልቅ መሥዋዕትነት ነው። በር ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሕመምተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው የመውጫው ቀን ነው። ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ጥየቃው ይቀንሳል፤ በጀርም ተለይቶ የነበረ ከሆነ ደግሞ ፍርሃት ይጨመርበታል። ኤምአርኤስኤ ቆዳው ላይ ያለ ሰው ግን ቤቱ ገብቶ እንደማንኛውም ሰው ይኖራል፤ ቁስል ቢኖር መሸፈን፣ እጅ መታጠብና ፎጣ አለመዋዋስ በአብዛኛው ይበቃል። ቡናው የሚፈላው፣ ወሬው የሚረዝመው፣ የተሸከማቸው ሎሚዎች የሚከፋፈሉት ያን ጊዜ ነው።

ለታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ» ወይም «አላህ ያሽርህ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ለሌሎች ደኅንነት ሲል ለብቻው ለተኛ ሰው ግን ይህ ብቻ አይበቃም። «እግዜር ይስጥልን» ሊባልም ይገባዋል።